የአባቴ ፍሎፒ

እማዬ ከንፋስ መውጫ በደወለች ቁጥር አንድ ጥያቄ አላት፦ «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?»
«ኮምፒውተር ነው» እላታለሁ።
«እሱንማ አውቃለሁ፤ ኮምፒውተሩን ምን ታደርገዋለህ?»
እዚህ ላይ ዝም እላለሁ።

እውነቱን ለመናገር ለጓደኞቼም ማስረዳት ይቸግረኛል። አፕ አልሠራም፣ ዌብሳይት አልሠራም። ቀን ዕቃ ውስጥ ለሚገቡ ትንንሽ ቺፖች ኮድ እጽፋለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ኢሙሌተር እሠራለሁ። ኢሙሌተር ማለት ከገበያ የጠፋን ማሽን አዲስ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር መልሶ ማቆም ነው። አሮጌው ፕሮግራም የድሮ ቤቱ ያለ ይመስለዋል።

የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በቺፕ-8 ነው። ብዙ ጀማሪ የሚገባበት በር ነው፦ 35 ትእዛዝ፣ 4096 ባይት ሜሞሪ፣ 64 በ32 ስክሪን፤ በቃ። ግን ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነሳኝ። ጨዋታው ይከፈትና ወዲያው ያብዳል። ለካ እያንዳንዱ ትእዛዝ 2 ባይት ስለሆነ ቆጣሪው በ2 ይጨምራል፤ እኔ ደግሞ «ዝለል» የሚለውን ትእዛዝ ከፈጸምኩ በኋላም 2 እጨምርበት ነበር። ስህተቱን ያገኘሁት ሌሎች በነፃ የለቀቁትን ኮድ መስመር በመስመር ሳነብ ነው። ሰዎቹን በአካል አላውቃቸውም፤ ያስተማሩኝ ግን እነሱ ናቸው።

አምና እማዬ የአባቴን ሣጥን ስታጸዳ አንድ ፍሎፒ ዲስክ አገኘች። አባቴ መምህር ነበር። በ1991 ዓ.ም. አያቴ የቆጠረችለትን የዘር ሐረግ ደብረ ታቦር ወርዶ በኮምፒውተር አስጽፎት ነበር። ወረቀቱ ጠፍቷል። አያቴም አባቴም የሉም። በእኛ አገር ሰባት ቤት መቁጠር ቀልድ አይደለም፤ ጋብቻውም፣ ድሮ ርስቱም በዚያ ነበር። እኔ ከአራት በላይ አላውቅም።

ማንበቢያ ተውሼ ፋይሉን ስከፍተው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ወጣ። ምክንያቱ ገባኝ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 እትም፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው። ዛሬ «ሀ» የትም ብትሄድ ቁጥሯ 4608 ነው። ያኔ ግን የየሶፍትዌሩ ፎንት የላቲኑን ቦታ እየነጠቀ የራሱን ፊደል ይተክልበት ነበር። ፎንቱ ከሌለህ ጽሑፉ የለም።

ስለዚህ ፋብሪስ ቤላርድ የጀመረው ኬሙ በሚባለው ኦፕን ሶርስ ኢሙሌተር ላይ ዊንዶውስ 98 አስነሣሁ። ያንን የግዕዝ ሶፍትዌር ከአንድ የድሮ ጸሐፊ ሲዲ አግኝቼ ጫንኩ። ፋይሉን ከፈትኩ። አማርኛ ሆነ! እጄ ተንቀጠቀጠ።

ለእማዬ ደውዬ አነበብኩላት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... አምስተኛውን አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ተበላሽቷል። ኢሙሌተር ማሽን ያስነሣል እንጂ የጠፋ መረጃ አያስነሣም። ሁለቱ ስሞች ቀሩ።

እማዬ ትንሽ ዝም አለች። «ሥራህ ይሄ ነው እንዴ?» አለችኝ።
«አዎ፣ እማዬ።»
«ታዲያ ምነው ቀድመህ ብትሠራው!»

እውነቷን ነው። ወዳጆቼ፣ ቤታችሁ አሮጌ ፍሎፒ፣ ሲዲ፣ የቆመ ኮምፒውተር ካለ አትጣሉት። ነገም አትበሉ፤ ዛሬ ገልብጡት። ፊደሉ ዝብርቅርቅ ቢልም ግድ የለም፤ እሱን እኛ እንፈታዋለን።