ከትምህርት በፊት አሥር ደቂቃ

የንሳምብያ ጠዋት ጸጥታ አያውቅም። የቦዳ ቦዳው ጥድፊያ፣ የወያሎቹ ጥሪ፣ ወደ ቅዱስ ፍራንሲስ ሆስፒታል የሚከንፈው አምቡላንስ ለለመደ ጆሮ እንኳ ይከብዳል። በዚያው ሰፈር የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት የስምንት ዓመት ልጇን ይህን ሁሉ አሳልፋ ትምህርት ቤት ስታደርስ፣ ልጁ ገና ከበሩ ላይ ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ደፍኖ መሬት ላይ ይቀመጣል። በቤት አማርኛ፣ በመንገድ ሉጋንዳ፣ በክፍል እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል፤ በሦስቱም የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። ጩኸቱን ግን ማንም ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል። «ሌሎቹን ይረብሻልና ቤት ቢውል ይሻላል» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተነግሯታል። ሦስተኛውን በፍርሃት ትጠብቃለች።

የተዘጋ የትምህርት ቤት በር ምን እንደሆነ ወይዘሮ ዘሚ የኑስም ያውቁት ነበር። በውበት ሙያ የታወቁት እኚህ ሴት ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ቦታ ባጡ ጊዜ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ኒያ ፋውንዴሽንን፣ በሥሩም የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በ2021 እ.ኤ.አ. እስካረፉ ድረስም ኦቲዝምን እንደ እርግማን የሚያየውን አመለካከት በአደባባይ ተሟግተዋል። በፊደላችን ድምፆች ልጆችን ንግግር የሚያለማምድ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ ዘዴም ቀምረዋል። ሀሁ አፍ መፍቻ ጭምር ሆነ ማለት ነው።

ይሁንና የተጨነቀ ልጅ ፊደል አይገባውም፤ አስቀድሞ መረጋጋት አለበት። ዮጋ የሚታሰበውም ለዚህ ነው።

የልጁ ረዳት መምህርት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አሥር ደቂቃ ወስዳ ምንጣፍ ትዘረጋለች። እንቅስቃሴዎቹ አራት ናቸው፤ እንደ ተራራ ቀጥ ብሎ መቆም፣ እንደ ዛፍ በአንድ እግር መቆም፣ ተንበርክኮ ግንባርን ምንጣፉ ላይ ማሳረፍ፣ በመጨረሻም በጀርባ መተኛት። ቅደም ተከተላቸው አይለወጥም፤ እያንዳንዱም በሥዕል ተለጥፏል። ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ለእንዲህ ያለ ልጅ ትልቅ ዕረፍት ነው። አተነፋፈሱን ያስተማረችው ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ቀስ ብሎ «እፍ» በማሰኘት ነው፤ ረዘም ያለ የትንፋሽ ማስወጣት የልብን ምት ያረግባልና። ንክኪ ስለሚያስደነግጠው እጁን ይዛ አታስተካክለውም፤ እርሷ ትሠራለች፣ እርሱ ያያል። እምቢ ባለበት ቀን አታስገድደውም።

በኒው ዮርክ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለ16 ሳምንታት በየዕለቱ የተሰጠ ተመሳሳይ ልምምድ ተጠንቶ፣ ውጤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መምህራኑ የልጆቹ ቁጣና መቅበጥበጥ መቀነሱን መስክረዋል። የትንሽ ጥናት ውጤት ነውና ተስፋውም በልኩ ይሁን። ዮጋ ኦቲዝምን አያድንም፤ ያድናል የሚል ቢመጣ ገንዘብ ፈላጊ ነው።

«ባዕድ አምልኮ አይደለም ወይ?» የሚሉ ጎረቤቶችም አልጠፉም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ዮጋ ከህንድ ሃይማኖቶች ጋር የተሳሰረ ሥር አለው። በዚያ ክፍል ጥግ ግን ዝማሬም ጸሎትም የለም። ስሙ የሚከብደው «የትንፋሽ ልምምድ» ቢለው ልጁ ቅር አይለውም።

ባለፈው ሳምንት አምቡላንሱ እየጮኸ ሲያልፍ ልጁ እንደ ወትሮው ወደ በሩ አልሮጠም። ጆሮዎቹን ደፈነ፣ ተንበረከከ፣ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አሳረፈ። መምህርቷ ለእናቲቱ ይህን የነገረቻት ማምሻውን ነው። እናቲቱ ቤት ገብታ ሻይ ቀዳችና የቤት ኪራዩን እያሰበች ተከዘች። ልጁ ወደ ሲኒዋ ጠጋ ብሎ ሁለት ጊዜ «እፍ» አለበት።