የንድፍ መጽሐፍና የአባቴ ሹራብ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሹራብ ነው። ሹራብ የማትሠሩም ብትሆኑ አንብቡት። ብርድ የማይነካው ሰው የለምና።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። የአገራችንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሹራብ መሥራት ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እሷ የምታውቀው 2 ዓይነት አሠራር ነው። አንዱ ልሙጥ ነው። ሁለተኛው እጅጌ ጫፍ ላይ የሚሠራው፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ነው። በነዚህ በ2ቱ ሁላችንንም አልብሳ አሳደገችን።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንድ መጽሐፍ ገዛሁ። ያዘጋጀችው ባርባራ ዎከር የምትባል አሜሪካዊት ናት። መጀመሪያ የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ነው። በመቶ የሚቆጠሩ የሹራብ ንድፎች አሉበት። ሽሩባ የመሰለ አለ፤ ቅጠል የመሰለ አለ፤ የማር እንጀራ የመሰለም አለ። የየንድፉን ቁራጭ በፎቶግራፍ ያሳያል፤ አሠራሩንም መስመር በመስመር ይጽፋል። ግን እጅጌው ይህን ያህል ይሁን፣ አንገቱ ይህን ያህል ይሁን አይልም። መጀመሪያ ተናደድኩ። ታዲያ ምን ያደርግልኛል አልኩ።

አባቴ የሌሊት ዘበኛ ነው። ሽሩባውን ሳይ ለሱ ተመኘሁት። እናቴ ዕንቁላል ሸጣ ያጠራቀመችውን ብር አውጥታ 8 ጥቅል ክር ገዛችልኝ።

በልሙጥ አሠራር 10 ሳንቲ ሜትር ላይ 18 ቀለበት እንደሚገባ አውቅ ነበር። ቀለበት ያልኩት መርፌው ላይ የሚደረደረውን ክር ነው። የፊቱ ስፋት 50 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በ90 ቀለበት ጀመርኩ። ሂሳቡ ልክ ነው። ሽሩባው ግን ልሙጥ አይደለም። 3 ቀለበት በሌላ 3 ቀለበት ላይ ሲሻገር ሥራውን ይሰበስበዋል። የተፈታ ፀጉርና የተጎነጎነ ፀጉር ስፋታቸው አንድ ነው እንዴ? 50 ይሆናል ያልኩት 40 ሆኖ ቀረ። እያየሁት “ሲለበስ ይለጠጣል” እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ፊቱንም ጀርባውንም ጨረስኩ።

አባቴ ሊለብሰው ሞከረ። ክንዱ ገባ፤ ደረቱ እምቢ አለ። “ምንም አይደል፣ አንገት ላይ ይጠመጠማል” ብሎ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ያን ክረምት በአሮጌ ካፖርቱ አሳለፈው።

በዚህ ክረምት በቀበሌያችን ጎልማሶችን ፊደል አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዲት እናት የሕፃናት ቆብ በመርፌ እየሠሩ ገበያ ይሸጣሉ። መጽሐፉን አሳየኋቸው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ አንዱን ንድፍ በባለ ካሬ ወረቀት ላይ ሣልኩላቸው። አንድ ካሬ አንድ ቀለበት ነው። ባዶው ልሙጥ ነው፤ ነጥብ ያለበት ግልባጭ ነው።

“ከየት በኩል ነው የሚነበበው?” አሉኝ።

“ከታች ወደ ላይ ነው እማማ። መስመሩ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ነው።”

“እንዴ! ትናንት ከግራ ወደ ቀኝ ብለሽን አልነበር?”

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እውነታቸውን እኮ ነው! እንዲህ የሆነው እጃችን ቀለበቶቹን ከቀኝ ጀምሮ ስለሚሠራ ነው። ሥራውን እያገላበጠ የሚመላለስ ሰው ሁለተኛውን መስመር ከግራ ያነባል። እሳቸው ግን በ5 መርፌ ዙሪያውን ስለሚሠሩ ሁልጊዜ ከቀኝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን መልሰው አመጡት። ዳር ላይ ያሉት 2 የካሬ ረድፎች ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ተሰርዘዋል። ደነገጥኩ።

“ያንቺ በየ10 ይደጋገማል” አሉኝ። “የኔ ቆብ 72 ነው። 2 ይተርፈኛል። ስለዚህ 2ቱን ልሙጦች አወጣኋቸው። በ8 ሲሆን 9 ጊዜ ይገባል።”

በወረቀቱ ጎን 8፣ 16፣ 24 እያሉ እስከ 72 ጽፈዋል። 32 ላይ 3 ቁጥር ተገልብጣለች።

“መጽሐፉ ላይ ግን እንዲህ አይደለም” አልኳቸው።

“መጽሐፉ ቆብ አያደርግም ልጄ። የሚያደርገው ሕፃኑ ነው።”

ከዚያ ከመቀነታቸው መዳፍ የምታህል ቁራጭ አወጡ። “መጀመሪያ ይህችን ሠርቼ ለካኋት። ካልሆነ ይፈታል። ክር አይሞትም።”

ቁራጯን በእጄ ይዤ ዝም አልኩ። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ፎቶግራፎች እንዲህ ያሉ ቁራጮች ናቸው። ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ! ለምን ቁራጭ እንደሆኑ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

የአባቴን ሹራብ ፈታሁት። ክሩ ተጠማዞ ነበር፤ አጥቤ አሰጣሁትና ተቃና። የሽሩባውን ቁራጭ ሠርቼ ለካሁ። 10 ሳንቲ ሜትር ላይ 22 ቀለበት ተኩል ያህል ይገባል። ንድፉ በየ8 ስለሚደጋገምና ለዳሩ 2 ስለሚጨመር በ114 ቀለበት ጀመርኩ።

ጀርባው አልቋል። ፊቱንም ይዤዋለሁ። ግን ሹራቡ ስለሰፋ 2 ጥቅል ክር ይጎድለኛል። ይህን ለእናቴ ስነግራት ምንም አላለችኝም። ዞር ብላ ወደ ዶሮዎቹ ቤት አየች።