የጋቢ ሥራ ደስታው የቱ ላይ ነው?

ጋቢ ለብሶ ያደገ ሰው ስለ ጋቢ ብዙ ሊናገር ይችላል፤ ስለ ሙቀቱ፥ ስለ ንጣቱ፥ ለባሹን ስለሚያላብሰው ግርማ ሁሉ ያወራል። እንዴት እንደ ተሠራ ሲጠየቅ ግን «እናቴ ፈተለችው፥ ሸማኔ ሠራው» ብሎ በሁለት ቃል ይገላገላል። እኛ የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ልጆች ማታ ማታ በማደሪያችን ስንሰባሰብ «ጋቢ ሲሠራ ከሁሉ የሚያስደስተው የቱ ነው?» የሚል ክርክር ተነሣ። ነገሩ ለጨዋታ ያህል ተጀምሮ ሦስት ምሽት ፈጀ። በመጨረሻም ካሰብነው ቦታ ላይ አላደረሰንም፤ ስለዚህ የተባለውን ሁሉ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ለማካፈል ወሰንን።

አገራችንን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ይበልጣል። ከጉና ግርጌ ተነሥቶ በጋይንትና በስማዳ በኩል ቁልቁል የሚሄድ መንገደኛ በመጨረሻ የበሽሎና የዓባይ ሸለቆ ይቀበለዋል። ከላይ ውርጭ፥ ከታች ሐሩር ነው። የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ትባላለች፤ ስሟን የሰማ ሰው ጋቢ ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። ደገኛው ከበግ ጠጉር የሚሠራ ባና አለው፤ ጥጥ ግን የቆላ ፍሬ ስለሆነ ከገበያ ይሸምተዋል። እንግዲህ ጋቢ ገና ከመጀመሪያው ቆላና ደጋን ያስታርቃል ማለት ነው።

ጋቢ ማለት ባጭሩ አራት እጥፍ የሆነ የጥጥ ሸማ ነው። ሙቀቱ የሚመጣው ከክሩ ብቻ ሳይሆን በእጥፎቹ መካከል ታግዶ ከሚቀረው አየር ጭምር እንደ ሆነ ከመካከላችን ያለው የፊዚክስ ተማሪ አስረድቶናል። እናቱ ይህን ሳትማር እንደምታውቀው ግን ራሱ አልካደም።

ክርክሩን የከፈቱት ሁለት የእስቴ ልጆች ናቸው። እነርሱ የመረጡት የጥጡን መዳመጥና መንደፍ ነው። ጥጥ ከነፍሬው ይገዛና በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ ሲዳመጥ ፍሬው ወደ ፊት ጠብ ጠብ ይላል፤ ጥጡ ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የደጋን ተራ ነው። የደጋኑ ጅማት በጥጡ ውስጥ ሲመታ እንደ ክራር ድምፅ ይሰጣል፤ ያ ተጨብጦ የነበረው ጥጥ ደግሞ እያበጠ፥ እየሳሳ ባዘቶ ይሆናል። አንድ ቁና የማይሞላ የነበረው ነገር በዓይን ፊት መደብ ሲሞላ ማየት ለልጅ ከምትሃት አይለይም። በዚያ ክምር ላይ ዘሎ ያልወደቀና «ተነሥ አንተ! ደመና ላይ የተኛህ መሰለህ?» ተብሎ ያልተባረረ ከመካከላችን አንድም የለም። ከአፍንጫና ከቅንድብ ላይ የሚቀረው ብናኝ ወንጀለኛውን እስከ ማታ ያጋልጠው ነበር።

ብዙዎቻችን ግን ድምፃችንን የሰጠነው ለፈትሉ ነው። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ከሆነ በኋላ ሥራው ከቤት ይወጣል፤ ወይም ጎረቤት ወደ ቤት ይገባል ማለት ይሻላል። ቡና ተፈልቶ፥ እሳቱ ደመቅ ብሎ፥ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዛሬ ለአንዷ፥ ነገ ለሌላዋ በወንፈል ይፈትላሉ። እንዝርቱ ጭን ላይ ሽው ተደርጎ ይሽከረከራል፤ ግራ እጅ አመልማሎውን ይዞ ወደ ላይ ይርቃል፤ በሁለቱ መካከል ያልነበረ ክር ይወለዳል። እጅ ሥራውን ስለሚያውቀው አፍ ነፃ ነው። የመንደሩ ጋዜጣ የሚነበበው እዚያ ነው። ማን ለማን ሽማግሌ እንደ ላከ፥ የማን ላም እንደ ወለደች፥ ማን ከማን እንደ ተኳረፈ ሁሉ ይሰማል። የተኳረፉትም ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲፈትሉ አንዷ፦ «እታለም፥ እስቲ አመልማሎ አቀብይኝ» ትላለች፤ ሌላዋም ታቀብላለች፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ አያስፈልግም።

እኛ ልጆቹ በዚያ ጊዜ ከእናቶቻችን ጀርባ ተኝተን የተኛን እንመስል ነበር። ስለ ሰው ልጅ ጠባይ በዚህ ዩኒቨርስቲ ከተማርነው የሚያንስ ትምህርት ከዚያ አላገኘንም። የእንዝርቱ ድምፅም እስከ ዛሬ ከማናቸውም የእንቅልፍ መድኃኒት የበለጠ ያስተኛናል።

ሦስተኛው ወገን ለሸማኔው ጉድጓድ ቆመ። ልቃቂቱ ሲበቃ ለሸማኔ ይሰጣል። ለድር የተፈተለው ቀጭንና ጠንካራ፥ ለማግ የተፈተለው ለስላሳና ወፈር ያለ ነው። ሸማኔው ድሩን በሜዳ ላይ ይዘረጋና ይሰበስባል፤ ከዚያም እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ይቀመጣል። እግሩ ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፤ መወርወሪያው ከቀኝ እጅ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ ይበራል፤ ማጉም በየጊዜው ተመትቶ ይጠብቃል። ድምፁ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሸማው ግን በየሰዓቱ አንድ አይደለም። ጠዋት ክር የነበረው ማታ ክንድ የሚለካ ጨርቅ ሆኖ ሲታይ፥ ጥረቱን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ ከየት ያገኛል?

አንድ የታች ጋይንት ልጅ በዚህ ላይ ያወጋንን ሁላችንም አልረሳነውም። በልጅነቱ የእናቱን ክር ይዞ ወደ ሸማኔ ተላከ። ሸማኔው ክሩን በጣቶቹ መካከል እያሳለፈ ጥቂት ዝም አለና፥ «ይህን እናትህ ናት የፈተለችው?» አለው።

«አዎን፥ አያ» አለ ልጁ።

«እዚህ ድረስ ያለው እኩል ነው፤ ከሰው ጋር ሆና እየተጫወተች ፈትላዋለች። ከዚህ በኋላ ግን ያብጣል፥ ይቀጥናል፤ እዚህ ጋ ደግሞ ተበጥሶ ተቋጥሯል። ሌሊት ብቻዋን ነበረች፤ እንቅልፍ እየጣላት ነው የፈተለችው። በላት፦ ሸማኔው አያስቸኩልሽም ብሏል።»

ይህ ከተነገረ በኋላ ክርክራችን መልኩን ለወጠ። እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ስታደምጥ የነበረች የስማዳ ልጅ አንድ ነገር አለችን፦ «እናንተ የምትቆጥሩት ጨዋታውን ነው። ከጨዋታው በፊት ውኃ የቀዳው፥ እንጨት የለቀመው፥ ጋግሮ ያበላው ማን ነው? ፈትል በቀን ሥራ ላይ የተጨመረ የማታ ሥራ ነው። እኔም ፈትዬ አውቃለሁ፤ ደስ ያለኝም ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ደስ ያለኝ ጎረቤት ሲኖርና ሲበቃኝ ማቆም ስችል ነው። ጭስ ዓይኔን እያቃጠለው ለገበያ ቀን ለማድረስ ስፈትል ግን እንዝርቱን እሳት ውስጥ መወርወር ያምረኝ ነበር።»

ለዚህ መልስ የሰጠ አልነበረም። በእኛ አገር ሴት ትፈትላለች፥ ወንድ ይሸምናል፤ ስለዚህ ከመካከላችን ያለነው ወንዶች የፈትልን ደስታ የምናውቀው ተኝተን በመስማት ነው። ተኝቶ የሰማ ሰው የሠራተኛዋን ድካም ለዘፈን ያህል ብቻ ቢያስታውሰው አይደንቅም፤ ተምሬያለሁ ለሚል ሰው ግን አይበቃም።

ሸማኔውም የራሱ ሸክም አለው። ሥራው ሳይሆን ስሙ ይከብደዋል። አገሩን ሁሉ ያለበሰው ሰው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። በጎንደር አገር ሽመናን ለብዙ ዘመን ከያዙት መካከል ቤተ እስራኤልና እስላም ወንድሞቻችን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከርስት የተገለሉ ስለ ነበሩ በእጅ ሥራ ያድሩ ነበር። መሬት የከለከላቸው ማኅበር እንደገና መሬት የለህም፥ እጅህ ብቻ ነው ያለህ ብሎ ሰደባቸው። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም የርስትን ልዩነት ሻረ። ስድቡ ግን በአዋጅ አልሞተም፤ ዛሬም በቀልድ ተሸፍኖ በማደሪያችን ኮሪደር ሲያልፍ ይሰማል፤ የሚናገረውም ሰው አንዳንድ ጊዜ ጋቢ ደርቦ ነው!

አራተኛውና የመጨረሻው ደስታ የሁላችንም ስለሆነ አላከራከረም። ሸማው ከሸማኔ ሲመለስ ጠርዝ ከጠርዝ ይገጠምና ይሰፋል፤ ይታጠፍና ይደረባል። አዲሱን ጋቢ የለበሰውን ልጅ ትልልቆቹ «በጤና ቅደደው» ብለው ይመርቁታል። ይህ ምርቃት ጥልቅ ነው። ልብሱ አይቀደድ አይልም፤ ልብሱ ያልቃል፥ አንተ ግን ቀድመህ አትለቅ ይላል። ሲቀደድም አይጣልም። ይጠቀማል፥ ይጣፋል፤ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ሲደራረት ድሪቶ ይሆናል። ድሪቶ በእኛ ዘንድ የድህነት ስም ነው፤ ብንሰደብበት እንጂ ብንመሰገንበት አናውቅም።

ነገር ግን ሌላው ዓለም ድሪቶን እንዴት እንዳየው እንመልከት። በአሜሪካ አገር በአላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ በሚባል ቦታ የሚኖሩ ጥቁሮች ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ ቁርጥራጭ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። የሚሰፉት ቤታቸው ብርድ ስለሚያስገባ ነው እንጂ ለጌጥ አልነበረም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራቸው በሂውስተን ከዚያም በኒውዮርክ በታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሕዝብ ተሰልፎ አየው። ድሪቶው ያው ድሪቶ ነው፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው። የሕንዱ ጋንዲም በዘመኑ የፈትል መዘውር ይዞ ሲቀመጥ ሥራውን ያከበረው ከሥራው ትርፍ የተነሣ ብቻ አልነበረም፤ ፈታይዋን የናቀ ሕዝብ ራሱን እንደ ናቀ ስለ ገባው ነው።

ይህን ስንል ፋብሪካ ይዘጋ ማለታችን አይደለም። የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም፥ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲከፈትና ጨርቃ ጨርቅ እንደ ዕውቀት ሲጠና፥ ለአገር የሚበጅ ነገር ተሠርቷል። ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች ለድር የፋብሪካ ክር ይጠቀማሉ፤ ይህም የእናቶችን ድካም ስለሚቀንስ እሰየው የሚያሰኝ ነው። የሚያሳዝነው የተፈተለው ጋቢ በማሽን ከተመረተው አምሳያ ጋር በአንድ ገበያ ተሰልፎ የወራት ድካም በጥቂት ብር ሲከራከሩበት ማየት ነው።

ስለዚህ ክርክሩን የዘጋነው አሸናፊ በመምረጥ አይደለም። የደረስንበት ነገር ይህ ነው፦ የጋቢ ሥራ ደስታ በጥጡ ወይም በክሩ ወይም በመወርወሪያው ላይ ብቻውን አይገኝም፤ ደስታው ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በመካከል ያለ ነው። ቆለኛው ለደገኛው፥ ጎረቤት ለጎረቤት፥ ፈታይ ለሸማኔ፥ እናት ለልጅ ሲያቀብሉ የሚወለድ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከተናቀ ወይም ብቻውን ሌሊት ከቀረ ክሩ እዚያ ላይ ይቀጥናል፤ ሸማኔውም ያውቀዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ የምንጨምረው ድሩን ያበሩትን እጆች አስቀድመን እንወቅ የሚል ነው።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ለዕረፍት ወደ አገር ስንገባ ሦስት ነገር ማድረግ አይከብደንም። ወንዶቹ እናቶቻችን ሲፈትሉ ውኃውን ቀድተን፥ እንጨቱን ፈልጠን እናሳርፋቸው። ሸማኔውን በአባቱ ሥራ ሳይሆን በስሙ፥ «አያ» ብለን እንጥራው፤ በዋጋውም ላይ እንደ ቀማኛ አንከራከረው። የጨርቃ ጨርቅና የምህንድስና ተማሪዎች ደግሞ ከውጭ አገር መጽሐፍ ላይ ካለው ማሽን ጋር አብረው መዳመጫውንና እንዝርቱን ያጥኑ፤ እጅን የሚያሳርፍ፥ ጨዋታውን ግን የማያቋርጥ መሣሪያ ቢገኝ የመጀመሪያውን ምርቃት ከእናቶቻችን ያገኛሉ።

እስከዚያው ድረስ ጋቢ የለበስን ሁሉ ክሩን በጣታችን እንዳስስ። የሚያብጥበትንና የሚቀጥንበትን ቦታ እንፈልግ። ያ ነውር አይደለም፤ አንዲት ሴት ስለ እኛ ያልተኛችበት ሰዓት ነው። ጋቢያችሁን በጤና ቅደዱት።