ቀይ አፈር ላለኸው ልጄ

እናትህን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ጂንካ ዝናቡ አላባራ ብሏል።

የጠየቅከኝን በስልክ ልመልስልህ አልፈለግሁም፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ምክሩ ጭቅጭቅ ይሆናል። እዚህ ከፊልም ቤት የምትከራያቸውን ዲስኮች ላፕቶፕህ ላይ ትገለብጥና፣ ሐሙስ ሐሙስ ገበያው ላይ ለበናና ለሐመር ጎረምሶች ሚሞሪ ላይ ትጭናለህ። «ኪራዩን ከፍያለሁ፣ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» አልከኝ።

የከፈልከው አይተህ ልትመልስ ነው። ለራስህ አንድ ብታስቀር አልጣላህም። በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410ም አንቀጽ 9 ላይ፣ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያወጣ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም ይላል። እርግጥ የባለመብቱን ጥቅም ያለ አግባብ የሚጎዳ ከሆነ አይፈቀድም የሚል ማሰሪያም አለው፤ የተከራዩትን ሁሉ እየገለበጡ ቤት መሙላት እንግዲህ ያከራክራል። ገበያ አውጥቶ መሸጥ ግን ምንም አያከራክርም። አዋጁ ሲወጣ ሆን ብሎ መብት ለሚጥስ የደነገገው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር። በ2007 ተሻሽሏል፤ ሽያጩን ግን አልፈቀደም።

አንተ ደግሞ ነገር አታጣም፣ «የፈረንጁስ ፊልም?» ትለኛለህ። ልክ ነህ። አገራችን የቅጂ መብትን የሚያስጠብቀው የበርን ስምምነት አባል ሳትሆን ስለኖረች ሕጉ ለውጭ ፊልም እምብዛም አልቆመለትም፤ ስንቱ ቪዲዮ ቤት እንጀራውን የበላው በዚያ ነው። እኔም የህንድ ፊልም እያየሁ ያለቀስኩት በተገለበጠ ካሴት ነው፣ ማንን ልውቀስ! አንተ የምትጭነው ግን አብዛኛው የአማርኛ ፊልም ነው። ሠሪው እዚሁ አገር የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ነው።

ማጎ ፓርክ ከአስጎብኚዎቹ ጋር ትሄድ የነበረ ጊዜ ትዝ ይልሃል? አንዱ ቱሪስት ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት የሙርሲዋን ሴት ፎቶ አንስቶ ሊሄድ ሲል፣ መኪናው ፊት ቆመህ «ክፈላት» አልከው። ሙርሲዎች በፎቶ እንደሚያስከፍሉ እያወቀ «ምን ወሰድኩባት?» ብሎ ሲቆጣ፣ «ካልወሰድክባትማ አጥፋው» ብለህ እንደመለስክለት ማታ እራት ላይ አውርተኸን አልነበር? እናትህ እስካሁን ለጎረቤት ታወራዋለች። የዛን ቀኑን ልጅ ነው ዛሬ የማናግረው።

ሥራውን ተው አላልኩህም። ስልክ መጠገንህን፣ ቻርጅ ማድረግህን ቀጥል። በአሪኛና በሐመርኛ የሚዘፍኑ ልጆች አሉ፤ ሄደህ አስፈቅዳቸው፣ ከምትጭነው ላይ ድርሻቸውን ስጣቸው፤ ስማቸው በየገበያው ሲጠራ እነሱም ይወዱታል። ገቢህ መጀመሪያ ላይ እንደሚቀንስ አውቃለሁ።

ለላፕቶፑ ያበደርኩህን ብር በዚህ ክረምት ለመመለስ ብለህ እንደተጣደፍክ እህትህ ነግራኛለች። አትጨነቅበት። ቡናው ከተለቀመ በኋላ እንነጋገራለን፤ ባይሞላልህም የሚከስህ የለም። ቅዳሜ ለገበያ ስትመጣ እጅህ ላይ የቀሩትን ዲስኮች ይዘህ ና፣ ባለቤቱ እየጠየቀ ነው።

አባትህ