የአባታችን ባቡር

በቤት ውስጥ ካሉት መጻሕፍት ሁሉ ሳይነበብ የሚዘጋው የሽማግሌ ትዝታ ነው። ሌጎ በሚባለው የመጫወቻ ጡብ የቀድሞውን የጅቡቲና የአዲስ አበባ የናፍጣ ባቡር ከልጆቻችን ጋራ ስንሠራ ይህን አስተዋልን። የእውነተኛው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፥ የመጫወቻው 37.5 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፥ ልኩን ሁሉ ለ27 ያህል አካፈልነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መሥመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነውና፥ ልጆቹ የናፍጣውን ድምፅ አያውቁም። በአሮጌው መሥመር ያገለገሉት አባታችን ግን፥ ስለ ሥራቸው ለብዙ ዘመን ሳይናገሩ ኖረው፥ ጡቡን በእጃቸው ይዘው፥ «ልጆቼ፥ የናፍጣው ሞተር ኤሌክትሪክ ያመነጫል እንጂ መንኰራኵሩን ራሱ አያዞርም፤ የሚያዞረው ኤሌክትሪኩ ነው» አሉ። ልጆቹም፥ «እንግዲያስ የድሮውና የአሁኑ ዘመዳሞች ናቸው!» ብለው ተደነቁ። ወላጆች ሆይ፥ ሳይመሽ እንጠይቅ።