ልጄ የተወለደባት ከተማ ሰፈሮች

የበኩር ልጄ የልደት ወረቀት ላይ፣ የትውልድ ቦታ በሚለው መስመር «ምጽዋ» ተብሎ ተጽፏል። ዓመቱ 1964 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ከተማዋን አያስታውሳትም፤ አምስት ዓመት ሳይሞላው ነው የወጣነው። የእሱ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ዜና ላይ ስለ ባሕር በር በተወራ ቁጥር «እማማ፣ ምጽዋ የእኛ ነበረች?» ትለኛለች። ለዚህ ጥያቄ አባቷ አንድ መልስ አለው፣ አጎቷ ሌላ። ሁለቱ ሲጀምሩ እራቱ ይበላሻል። እኔ «ነይ፣ ሰፈሮቹን ልንገርሽ» ብዬ ወደ ጓዳ ይዣት እገባለሁ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። ሄጄ ያየኋት ምጽዋ ሁለት ደሴቶችና አንድ የየብስ ዳርቻ ነበረች። ሦስቱን የሚያያይዛቸው በባሕሩ ላይ በድንጋይ የተደለደለ መንገድ ነው፤ ያሠራውም በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ለግብፅ ያስተዳድር የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር ነው። ከደሴት ወደ የብስ በእግር የሚኬድበት ከተማ አይቼ ስለማላውቅ፣ መጀመሪያ ሰሞን ባሕሩ በግራና በቀኝ ሲመጣብኝ የባለቤቴን ክንድ አልለቅም ነበር።

የውጭኛው ደሴት አሮጌው ከተማ ነው። ኦቶማን ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1557 ይዘውት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በስማቸው ቆይቷል፤ ከዚያ በ1865 ለግብፅ ተላለፈ፤ ጣሊያን በጥር 1877 ዓ.ም. ገባበት። ቤቶቹ የተሠሩት ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ነው። ሰገነታቸው በእንጨት ጥልፍልፍ የተሸፈነ ነው፤ ሴቶቹ ሳይታዩ መንገዱን ያያሉ። ይህን ለልጅቷ ስነግራት በጣም ሳቀች፤ «እንደ ስልክ ነዋ!» አለችኝ። በነሐሴ 1913 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙውን ስላፈራረሰው፣ እኔ የደረስኩበት የቱርኩና የጣሊያኑ ሥራ የተደባለቀበት ነበር።

ቀጥሎ ያለው ደሴት ጥዋለት ይባላል። ቤተ መንግሥቱ እዚያ ነው። በባሕር ኃይል ቀን ንጉሡ ይመጡ፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም ይሰለፉ ነበር። ጥዋለት ቆንጆ ነው፤ ግን ሰው በማዕረጉ የሚታወቅበት ሰፈር ስለነበር እኔን አልሆነኝም።

እኛ የተከራየነው የብሱ ላይ፣ ዕዳጋ ነው። ሙሉ ስሙ ዕዳጋ ብዕራይ ሲሆን የበሬ ገበያ ማለት ነው። የወደብ ጫኝ፣ የጨው ሠራተኛ፣ እስከ አሥመራ 118 ኪሎ ሜትር የሚወጣው ባቡር ሠራተኛ፣ ከደጋ የወረደው፣ ከቆላ የመጣው፣ ሁሉም እዚያ ይኖር ነበር። በአንድ ግቢ ትግረ፣ ትግርኛ፣ ዐረብኛና አማርኛ ይሰማል። በበጋው ሙቀት ቤት ውስጥ መተኛት ስለማይታሰብ አልጋው ሁሉ ደጅ ይወጣል። ዝናቡ ደግሞ የሚመጣው እዚህ አዲስ አበባ ብርዱ በሚጠናበት በታኅሣሥና በጥር ነው።

ልጄን ያሳደገችው የግቢያችን ባለቤት ናት። «አደይ» እላት ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ ነጠላዋን ውኃ ነክራ ከአልጋው በላይ ትዘረጋለታለች። ልጁ አፉን የፈታው በእሷ ቋንቋ፣ በትግረ ነው። የሚጠይቀኝን ስለማላውቅ እየጠራኋት «አደይ፣ ምን እያለ ነው?» እላት ነበር።

አደይ የሕርጊጎ ሰው ናት። ሕርጊጎ ከምጽዋ በስተ ደቡብ ባሕሩ ዳር ያለች ጥንታዊ መንደር ነች፤ ናይብ የሚባሉት የአካባቢው ገዢዎች መቀመጫ ነበረች። በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ጦር ገብቶ ብዙ ነዋሪዎቿን ገደለ፤ መንደሯም ወደመች። የእኔ ባል የለበሰው ልብስ የዚያው መንግሥት ልብስ ነበር። አደይ ለቀናት ከክፍሏ አልወጣችም። እኔም ደጃፏ ድረስ ሄጄ ምን እንደምል አጥቼ እመለሳለሁ። አንድ ማለዳ ራሷ መጣች። እኔን ሳታየኝ፣ ልጁን ከአልጋው አንስታ አዝላው ሄደች። እስከ ማታ አቆየችው። ስለዚያ ነገር እስከ ወጣንበት ቀን ድረስ በመካከላችን አንድም ቃል አልተነገረም።

ይህን ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይነግሩታል? አባቷ «አትንገሪያት፣ ገና ናት» ብሎኝ ነበር። ነገርኳት። ወደ ሕርጊጎ ስንደርስ ዝም ብዬ ካለፍኩ፣ ስለ ቀሪዎቹ ሰፈሮች የነገርኳትም ተረት ሊመስላት ነው። ልጅቷ ብዙ አልተናገረችም፤ «አደይ ለምን መጣች?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። እኔም ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያንኑ ስጠይቅ ኖሬያለሁ።

በእርግጥ ያየሁት ሁሉ ሐዘን አይደለም። እምኩሉንም ነግሬአታለሁ፤ ደሴቶቹ ውኃ የሚያገኙት ከዚያ ነበር። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው፣ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦነሲሞስ ነሲብ የተማረው በእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ነው።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. በተደረገው ውጊያና ከዚያ በቀጠለው የአየር ድብደባ አሮጌው ከተማ ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ የድንበሩ ጦርነት መጣ፣ ስልኩም ተዘጋ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መስመሩ ሲከፈት ቁጥር አፈላልጌ ደወልኩ። ያነሳችው የአደይ ልጅ ናት። እናቷ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗል። በትግርኛና በአማርኛ እየቀላቀልን አለቀስን። ቤቱ እንዳለ መሆኑን ነገረችኝ፤ ደሴቱ ላይ ግን የወደቀው ገና አልተነሳም አለችኝ። ከዚያ «ልጁስ?» አለች።

ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ስልኩን ሰጠሁት። እሷ በትግረ ታወራዋለች፤ እሱ ጆሮው ላይ እንደያዘው ዓይኑን ወደ እኔ መለሰና «እማዬ፣ ምን እያለች ነው?» አለኝ።