በየሣጥኑ የተኛው ማኅተምና ፊርማ

በኢሉባቦር፣ በመቱ፣ በጎሬ፣ በቡሬና በአልጌ በየቤቱ ሣጥን የተቀመጠውን የአባቶችና የአያቶች ደብዳቤ እያሰቡ፣ የታላላቅ ሰዎችን ማኅተምና ፊርማ የሰበሰበ ሰው ሀብቱን ለሕዝብ ሊያሳይ ይገባዋልን ብለው ለሚጠይቁኝ ወዳጆቼ መልሴ፣ አዎን፣ ይገባዋል የሚል ነው።

ነገሩ የኢሉባቦርን ሰው ከሌላው ይልቅ ይመለከታል። አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አድርገው የሾሟቸው ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ጋር የነጻይቱን ኢትዮጵያ መንግሥት ስም ይዘው የቆዩት በጎሬ ነበር፤ ጠላት በኅዳር 1929 ዓ.ም. ከተማይቱን ያዘ፣ ራስ እምሩም በታኅሣሥ ወር በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ። በእነዚያ ጥቂት ወራት ግምጃ ቤቱም ሠራዊቱም ተዳክሞ ሳለ፣ መንግሥት መኖሩን ለሩቁ ባላገር ያስታውቅ የነበረው የሚጻፈው ትእዛዝና በላዩ የሚያርፈው ማኅተም ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈ አንዲት ቅጠል ወረቀት በአንድ ሰው ሣጥን ውስጥ ብትገኝ፣ ምስክርነቷ የዚያ ሰው ብቻ ሊሆን አይችልም።

ያገራችንን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አራት ላይ ታጥፎ የኖረ ደብዳቤ መጀመሪያ የሚበጠሰው በእጥፋቱ ላይ ነው፤ ከዚያም እርጥበቱ የማኅተሙን ቀለም እየፈታ በዙሪያው የተቀረጸውን ስም ያደበዝዘዋል፤ ሻጋታና ምስጥ የተረፈውን ይጨርሱታል። ሰው እንዳይሰርቀው የተደበቀው ወረቀት እንዲህ ሆኖ ባለቤቱ ሳያውቀው ያልቃል።

አበው ይህን አስቀድመው የተረዱ ይመስለኛል። ርስት ሲሰጥ ወይም መሬት ሲሸጥ ውሉን በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ያስጽፉ፣ የምስክሮቹንም ስም በተርታ ያስመዘግቡ፣ የሚፍቀውንም በውግዘት ያስሩ ነበር። ወንጌሉ በዕቃ ቤት በጥበቃ ይኖራል፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ግን ወጥቶ በጉባኤ ይነበባል። ጥበቃና ግልጽነት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሳይጣሉ ኖረዋል፤ ሰብሳቢዎቻችንም ከዚህ ሥርዓት እንዲማሩ አጥብቄ እለምናለሁ።

ስርቆትንና ሐሰተኛ ቅጂን የሚፈሩ አሉ፤ ፍርሃታቸውን አልንቅም። ነገር ግን ለሐሰተኛ ማኅተም የሚመቸው ጨለማው ነው። ስቬን ሩበንሰን የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የነገሥታትና የመኳንንት ደብዳቤዎች ከነምስላቸው አሰባስቦ ካሳተመ ወዲህ፣ አንድ ተመራማሪ የአንዱን መስፍን ማኅተም ከሌላው ጋር ጎን ለጎን አስተያይቶ እውነተኛውን ለመለየት ይችላል። እንዲሁም በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ መጻሕፍቱን ለየገዳሙና ለየደብሩ ትቶ ምስላቸውን ብቻ ስለወሰደ፣ ጌታቸው ኃይሌ በሩቁ በሚኔሶታ ተቀምጠው ካታሎግ ሊያዘጋጁላቸው ቻሉ። ባለቤትነት አልተነካም፤ ዕውቀት ግን ተባዛ።

ታዲያ በየድረ ገጹ እንደማየው ማኅተሙንና ፊርማውን ብቻ ቆርጦ ማሳየት ደብዳቤውን መግደል ነው። ማን ለማን እንደጻፈ፣ በምን ቀን፣ ስለምን ጉዳይ፣ ከጀርባውስ የተቀባዩ ወይም የጸሐፊው እጅ ምን ምልክት እንደተወ ካልታየ፣ የቀረው ጌጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ገጽ፣ ፊቱንም ጀርባውንም አሳዩ፤ ከማን እጅ ወደ እናንተ እንደደረሰም ጻፉ። የምስሉን ቅጂ ለመቱ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ብትሰጡ፣ ምስሉን ያነሣችሁበት ስልክ ቢጠፋ እንኳ ነገሩ አይጠፋም።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ለይቼ አያለሁ። ትምህርት ቤት ስንጨርስ ጓደኞቻችን የፈረሙልን፣ አበባ የሳሉበት፣ የልባቸውን የጻፉበት የአውቶግራፍ ደብተር ለሕዝብ የተጻፈ አይደለም። የፈረመችው ልጅ ዛሬ እናት ናት፤ በዚያን ጊዜ የጻፈችውን ዛሬ ሕዝብ እንዲያነብባት ትወድ እንደሆነ እርሷ ትጠየቅ። በሕይወት ያለ ሰው ፊርማም እስከ ዛሬ በባንክ ገንዘብ የሚወጣበት፣ በፍርድ ቤት ውል የሚጸናበት ስለሆነ፣ ባለፊርማው ሳይፈቅድ አጉልቶ መለጠፍ እርሱን ለአጭበርባሪ አሳልፎ መስጠት ነው። የሞቱትን ባለሥልጣኖች ወረቀት ዛሬውኑ አውጡት፤ የሕያዋኑን ግን አስቀድማችሁ ደውሉና ጠይቁ።